ከአያት ሜክሲኮ፦ 7 ወር አብራኝ የነዳችው ካሜራ

ከታክሲ ኋላ የምትነዱ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ በነጩ ሚኒባስ መሃል ረድፍ ይዞ እየበረረ ነው። ውስጥ አንድ ሰው "ወራጅ አለ!" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ የፍሬን ጉዳይ ነው። ፍሬቻ የለም፣ ዳር መያዝ የለም፣ እዚያው ቀጥ። አንድ ጠዋት ሲኤምሲ መንገድ ላይ እንዲህ ሲሆን ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት ማለት ይቻላል፣ በእኔና በታክሲው መሃል የቀረችው ቦታ ድመት አታሳልፍም። ወያላው ሴትዮዋን አውርዶ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ "ርቀት ጠብቅ እንጂ!" አለኝ። አሁን ሳስበው ልክ ነበር፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ከኋላው ብገባበት ኖሮ ጥፋተኛው እኔ፣ መስካሪው እሱ።

የዚያኑ ቀን ማታ የመኪና ካሜራ ፍለጋ ስልኬን ከፈትኩ።

ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። 5,200 ብር፣ ሚሞሪ ካርዱ ለብቻው። ሁለት ሌንስ አላት፣ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ። የብራንዱን ስም አልነግራችሁም፣ ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፤ ያንኑ ዕቃ በሌላ ሳጥንና በሌላ ስም የሚሸጥ ሌላ ቻናል አይቻለሁ። ስትነሳ በቻይንኛ ሰላም ትላለች (ሰላምታ ነው ብዬ ነው የያዝኩት)። እንግሊዝኛ አድርጌያት ነበር፣ ባትሪ በተፈታ ቁጥር ወደ አገሯ ቋንቋ ትመለሳለች።

መጀመሪያ ከሲጋራ መለኮሻው ነበር የሰካኋት። ሽቦው ማርሹ ላይ እየተንጠለጠለ አስቸገረኝ። ጋራዥ ወስጄ ኤሌክትሪሺያኑ በጣሪያው ልባስ ስር አሳለፈልኝና ከፊውዝ ሳጥኑ ቀጥታ ሰጣት። ሥራው ቆንጆ ነው፣ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቀው ቀረሁ። ቀጥታ የተሰጠችው ቁልፍ ሲጠፋም መብራት ከማይቋረጥበት መስመር ነበር። ካሜራዋ ቆማም ትጠብቃለች ተብሎ በማስታወቂያው በትልቁ ተጽፏል፣ እውነትም ትጠብቃለች፣ ባትሪ እየጠጣች። ቅዳሜና እሑድ ቆማ የሰነበተች ቪትሴ ሰኞ ጠዋት አልነሳም አለች። ማንዋል ስለሆነች የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። ሁለተኛው ሰኞ ላይም ያው ሲደገም ተመልሼ መስመሩን አስቀየርኩት። ስታስገጥሙ "ቁልፍ ስዘጋ አብራ ትጥፋ" በሉ።

ሌላው ችግሯ ደግሞ ከአገራችን መንገድ ጋር አለመተዋወቋ ነው። ውስጧ መናጥ የሚያውቅ ነገር አለ፤ መኪናው በኃይል ከተናጠ አደጋ ነው ብላ ያንን ቪዲዮ ትቆልፋለች፣ ሌላ እንዳይጻፍበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከእኔ ቤት እስከ ዋናው አስፋልት ባለው ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ በቀን አሥር ጊዜ "አደጋ" ይደርስብኛል። በሦስተኛው ሳምንት ካርዱ በተቆለፈ ጉድጓድ ሞልቶ መቅረጽ አቆመች። ያወቅሁትም አንድ አይሱዙ ስፖኪዮዬን አጥፎልኝ ሄዶ ቪዲዮውን ስፈልግ ነው። የለም። ያለው ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ብዙ ጉድጓድ፣ በጥራት። ከዚያ ወዲህ የመናጡን ነገር ዝቅተኛው ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥራቷስ? ቀን ፊት ለፊት ያለውን ታርጋ ታነባለች፣ እንደ እኛ ባለ ጭንቅንቅ ደግሞ ሁሉም አፍንጫችሁ ስር ስለሆነ ችግር የለም። የኋላው ሌንስ ግን ለእኔ መንገድ አልተፈጠረም። ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ ስወርድ ፀሐይ ከኋላዬ ናት፣ ማታ ስመለስም ጀርባዬ ላይ ናት፣ ስለዚህ ሁለቴም የሚታየው ነጭ ብርሃንና መኪና የሚመስል ጥላ ነው። ከፊት ብገጭ ማስረጃ አለኝ፣ ከኋላ ከተገጨሁ ፀሐይን እከሳለሁ። ሌሊትማ ተዉት። ባውዛ ለኩሶ የሚመጣ አንድ መኪና ይበቃል፣ ስክሪኑ ሁሉ ይነጣል። አንድ ማታ ሰፈር ውስጥ መብራት ያላበራ ባጃጅ በተቃራኒ መጥቶብኝ ለጥቂት ሳንጋጭ ተላለፍን፤ ቪዲዮው ላይ የሚሰማው የእኔ ጩኸት ብቻ ነው፣ ባጃጁ የለም። ለባለቤቴ ባሳያት "ታዲያ በማን ላይ ነው የምትጮኸው?" አለችኝ።

ግን የከፈልኩትን ያስመለሰችልኝ ቀንም አለች።

ሰፈራችን አጠገብ ያለው አደባባይ ውስጥ ነኝ። ውስጥ ነኝ፣ ልብ በሉ፣ ቅድሚያ የእኔ ነው። አንዲት አሮጌ ኮሮላ ሳትቆም ገባችና የቀኝ ፓራፋንጎዬን ፋቀችኝ። ወርጄ አንድ ሁለት ቃል ልናገር አፌን ስከፍት የወረዱት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አፌን ዘጋሁ። እሳቸው ግን አልዘጉም። "ልጄ፣ እንዲህ እየበረርክ የት ልትደርስ ነው?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ አደባባይ ውስጥ ነበርኩ፣ እርስዎ ነዎት የገቡብኝ" አልኩ። "ቆሜ ነው የመታኸኝ!" ታውቁታላችሁ፣ በሁለት ደቂቃ ችሎቱ ተሰየመ። መኪና የሚጠብቀው ልጅ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከታክሲ መስኮት አንገቱን ያወጣ ተሳፋሪ፣ ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም የተለያየ ነገር አይቷል፣ ከኋላ ደግሞ ክላክሱ ይንጫጫል።

ያኔ ነው ካሜራዋ ትዝ ያለችኝ። "ጋሼ፣ ይምጡ እንይ" አልኳቸው። ስክሪኗ የክብሪት ሳጥን ታክላለች። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉት፣ አጎነበሱ። ኮሮላዋ ሳትቆም ስትገባ ግልጥልጥ ብሎ ይታያል። ዝም አሉ። "ድገመው እስቲ" አሉ። ደገምኩት። ሎተሪ አዟሪው በትከሻቸው በኩል አጮልቆ "አባባ፣ እርስዎ ነዎት" ብሎ ፈረደና ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ካሜራዋን ባልከፈትኳት ብዬ ነበር። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ ቪዲዮ ሲደገምባቸው። "አላየሁህም፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው።

ትራፊክ ጠርተን ፕላን (የአደጋው ንድፍ) እስኪነሳ ብንጠብቅ ግማሽ ቀን ነው። የእኔ ኢንሹራንስ ሶስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ የራሴን መኪና አይሠራልኝም። ሰውዬው ቀለሙን ሙሉ እከፍላለሁ አሉ፣ እኔ ደግሞ ግማሹን ተቀበልኩ። ባለቤቴ እስካሁን ይሄ አልገባትም። "ጥፋተኛ ካልሆንክ ለምን ግማሽ ከፈልክ?" ትለኛለች። ካሜራዋ ይሉኝታ አልተገጠመላትም፣ እኔ ግን ተገጥሞልኛል፣ ምን ላድርግ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ነገር፣ ሳልጽፈው ልለፍ ብዬም ነበር። ካርዱን ቤት ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሌላ ነገር ስፈልግ አንድ ቪዲዮ ላይ ቆምኩ። የእኛ መስመር የባቡር ጣቢያው መንገዱ መሃል ነው፣ ስለዚህ ሊሳፈር የፈለገ ሁሉ አስፋልት መሻገር አለበት። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ዜብራው ላይ አንድ እግሯን አስገብታ ወደኋላ ትመልሳለች። በፊቷ ሳልቆም አለፍኩ። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ፣ አንድ ዶልፊን ቆርጦኝ እሱን እየተሳደብኩ ነበር። ስድቤም ተቀርጿል። ሴትዮዋን ግን ጭራሽ አላየኋትም ነበር፣ ያየኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ቪዲዮውን አጠፋሁት።

ትገዛ ወይ ለምትሉኝ፦ ቀን ቀን ለምትነዱና ከታክሲና ከአይሱዙ ጋር ለምትጋፉ አዎ። ሌሊት ሌሊት ለምትሠሩ የራይድ ሾፌሮች ግን ሌንሷ የተሻለ፣ ወደድ ያለ ፈልጉ፣ ይቺ አትሆናችሁም። ከአምስት ሦስት እሰጣታለሁ። ስትገዙ ሻጩ ቪዲዮ ልኮላችሁ ብቻ አትክፈሉ፣ መኪናችሁ ላይ ሰክታችሁ ታርጋ እዩባት። ሰዓቷንም አስተካክሉ፣ የእኔዋ 14:20 ስትል ለእኛ ከቀኑ 8:20 ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ ለሰው ስታሳዩ መጀመሪያ እሱን ማስረዳት አለባችሁ። መኪና ስታቆሙ ደግሞ ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ክተቷት፣ ስፖኪዮ በሚፈታበት ከተማ መስታወት ላይ የተለጠፈ ካሜራ ግብዣ ነው።

ድምፅ መቅረጫዋንም ዝጉት። እኔ ቪዲዮዎቹን ቤት ውስጥ በስልክ ስከፍት የአራት ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ትጫወት ነበር፣ ትሰማለች ብዬም አላሰብኩም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ፊታችን ቀጥ አለ፣ እኔ ቃል አልተነፈስኩም፣ አያቷ ከኋላ ወንበር አብረዋት ተቀምጠዋል። እሷ ግን ሁሉንም በቃሏ አወረደችው፣ ከነቃናው።