የመሪ ዘይቴ ከየት እንደሚፈስ ላገኙልኝ የሳሪሱ መካኒክ

ሳሪስ አቦ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አንድ አባት አሉ። ዛሬ እሳቸውን ላመሰግን ነው የምጽፈው።

መኪናዬ 98 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሁለት ወር ሙሉ የመሪ ዘይት ስታፈስ ከረመች። ጠዋት ላስነሳት ስሄድ ከሥሯ ቀይ ጠብታ አገኛለሁ። ዘይቱ ሲጎድል መሪው ይከብዳል፤ ስጠመዝዝ ፓምፑ ያቃስታል። በየሳምንቱ እየገዛሁ እሞላለሁ። አንድ ጋራዥ ብወስዳት ከሥር አየት አደረጉና "ራኩ አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው" አሉኝ። ራክ የሚሉት የመሪውን መዞር ወደ ፊት እግሮቿ የሚያደርሰውን ክፍል ነው። የጠሩልኝ ዋጋ ከደሞዜ በላይ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ወደ ጋሼ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ኮፈኑን ከፍተው ምንም ከመፍታታቸው በፊት ቅባቱን ሁሉ አጥበው በአየር አደረቁት። "ልጄ፣ ዘይት ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከረጠበው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ ነው መፈለግ" አሉኝ። ከዚያ ዘይት ሞሉ፣ ሞተሩን አስነሱና መሪውን ግራ ቀኝ አዙሪ አሉኝ። ጥጉ ላይ ይዤ እንዳልቆይ ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። እዚያ ላይ ግፊቱ ስለሚበረታ ፓምፑን ይጎዳል።

አስር ደቂቃ አልፈጀም። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው የጎማ ቱቦ ፋሼታው፣ ማለትም ማጥበቂያ ቀለበቱ፣ ሥር ተሰንጥቋል። ከዚያ እየወረደ ራኩን ያረጥበዋል። የራኩን የላስቲክ ሽፋን ገልጠው አሳዩኝ፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ራኩ ቢሆን ኖሮ እዚያ ውስጥ ዘይት ይቋጥር ነበር።

አዲሱን የጎማ ቱቦ ከሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ገበያው፣ ራሴ ገዛሁት። "ዘይት የሚችል በይ፤ የውሃ ጎማን ዘይት ያበላሸዋል" ብለው ነው የላኩኝ። ከገጠሙት በኋላ የፊት እግሮቿን በክሪክ አንስተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከጥግ ጥግ ደጋግመው አዞሩት። አየሩ ካልወጣ ማቃሰቱ አይቀርም። እኔን ደስ ያለኝ ግን እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ መሥራታቸው ነው።

የከፈልኩት ለራኩ ከተጠራብኝ አንድ አስረኛ አይሞላም። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነው፣ ማታ ማታ ካርቶን ከሥሯ አነጥፋለሁ፣ ጠዋት ደረቅ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ አይሠሩም፤ ጠዋት በጊዜ ብትሄዱ ይሻላል።