ዘይ ወርክ ፎር ዩ፦ አዲስ የፓርላማ አባልን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመከታተል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው የብሪታንያ ምርጫ፣ ከ650ው የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 335ቱን የያዙት ከዚያ በፊት በምክር ቤቱ አባልነት ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የምክር ቤት አባል የመረጠውን ብቻ ሳይሆን ድምፅ የመስጠት መብት የሌለውንም የምርጫ ክልሉን ነዋሪ ስለሚያገለግል፣ የአዲሱን እንደራሴ ሥራ መከታተል እዚያ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይመለከታል። ለዚህ ሥራ ዘይ ወርክ ፎር ዩ (TheyWorkForYou) ከተባለው ድረ ገጽ የተሻለ ነፃ አገልግሎት አላየሁም።

ድረ ገጹን እ.ኤ.አ. በ2004 በጎ ፈቃደኞች ጀመሩት፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው ማይሶሳይቲ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የቤትዎን ፖስትኮድ ሲያስገቡ የእንደራሴዎ ገጽ ይከፈታል። ሃንሳርድ ከተባለው የምክር ቤቱ ይፋዊ መዝገብ የተወሰዱ ንግግሮች፣ የተሰጡ ድምፆችና ለሚኒስትሮች በጽሑፍ የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በአንድ ቦታ ይገኛሉ።

ከሁሉ የምወደው የኢሜይል ማሳወቂያውን ነው። የአባሉን ስም መርጠው ኢሜይልዎን ከሰጡ፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ በተናገሩ ቁጥር መልእክት ይደርስዎታል፤ ከስም ይልቅ ቃል መምረጥም ስለሚቻል፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ የትኛው አባል መቼ እንዳነሣት ማወቅ ይቻላል። በአዲስ አባል ገጽ ላይ መጀመሪያ መነበብ ያለበት የመክፈቻ ንግግሩ ነው። በልማዱ መሠረት ተናጋሪው ከእርሱ በፊት የነበረውን እንደራሴ ያመሰግናል፣ የምርጫ ክልሉን ያስተዋውቃል፣ ንግግሩንም ማንም አያቋርጠውም፤ ስለዚህ ጨዋነት የበዛበት ቢሆንም፣ ስለ የትኛው ጉዳይ ለመሟገት እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ቃሉን መጠበቅ አለመጠበቁን ያሳያሉ።

በዚያው ገጽ ላይ የሚገኘው የአባሉ የገንዘብ ጥቅም መዝገብም ችላ ሊባል አይገባም። አዲስ አባል ከተመረጠ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ጥቅሞቹን ማስመዝገብ ግዴታው በመሆኑ፣ ማን እንደረዳውና ሌላ ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ እንዳለው ገና በጠዋቱ ማየት ይቻላል።

የድምፅ አሰጣጥ ማጠቃለያውን ግን በጥንቃቄ እንዲያነቡት እመክራለሁ። አብዛኛው አባል በፓርቲው ትእዛዝ ስለሚመርጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሠንጠረዡ የሚታየው ከሰውየው ይልቅ የፓርቲው አቋም ነው። በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ላይ ስሙ ያልተገኘ አባልም ሰነፍ ነው ማለት አይደለም፤ ታሞ፣ ለሥራ ተልኮ ወይም ከተቃራኒ ፓርቲ አባል ጋር ተነጋግሮ ሁለቱም ቀርተው ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡም ምክንያቱን አይጽፍም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከቪዛና ከድጎማ ጋር በተያያዘ ለተቸገሩ ነዋሪዎች በክልሉ ቢሮ የሚሠራው ብዙ ሥራ በሃንሳርድ ስለማይመዘገብ እዚህ ፈጽሞ አለመታየቱ ነው። ብዙ የሚናገር አባል ከዚህ ገጽ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ደብዳቤ ሲጽፍና ቢሮ ለቢሮ ሲሟገት የሚውለው ግን አይታይም።

ይህን ክፍተት በራስዎ ለመሙላት፣ የዚያው ድርጅት ሌላ አገልግሎት በሆነው ራይት ቱ ዘም በኩል ለእንደራሴዎ ጉዳይዎን ይጻፉ። ሙሉ ስምዎንና የቤት አድራሻዎን መጻፍ አይርሱ፤ የምክር ቤት አባላት በተለምዶ የሚረዱት የራሳቸውን ክልል ነዋሪ ብቻ ስለሆነ፣ ቢሮው መጀመሪያ የሚያጣራው የክልሉ ነዋሪ መሆንዎን ነው።