ባሊሆኒስ ላሉት እናት ትልቅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። አየርላንድ ሆናችሁ ከደብሊን ወጥቶ ልጅ ማሳደጊያ ትንሽ ከተማ የምትፈልጉ ሀበሾች ካላችሁ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። እኛ አሁን ያለነው ሜዮ ካውንቲ ባሊሆኒስ ነው፣ ደብሊን ካለው ሂውስተን ባቡር ጣቢያ የዌስትፖርቱን ባቡር ከያዛችሁ መንገድ ላይ ነው፣ እዛው ከተማዋ ውስጥ ያወርዳችኋል።

እስክንደርስባት ያየነውን አበሳ ግን እግዚአብሔር ያውቀዋል። አምስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ቤት ሊታይ ነው ሲሉን ተሯሩጠን ስንሄድ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶታል፣ ተራችን ሲደርስ ደግሞ ልጆቹን አይተው ፊታቸው ይቀየራል። አንዱ ቤት ባሌ ሲደውል "ተይዟል" ተባለ፣ በማግስቱ አብራኝ የምትሰራ አይሪሽ ልጅ ስትደውል "ነይ እይው" አሏት። ማን እንደሆኑ አልናገርም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። ከዛ ሌላ ትንሽ ከተማ ሄድን፣ ቤቱ ቆንጆ፣ ኪራዩ ርካሽ፣ ልንፈርም ስንል የሚቀበለን ሐኪም የለም፣ ትምህርት ቤቱ ቁርጡን አይነግረን፣ አውቶቡስ የለ፣ ቤቱን ያሳየን ሰውዬ ግን ከዚህ ሁሉ አንዷንም ትንፍሽ አላላትም። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም በነፃ ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን የሚመዘግብ ሐኪም ከሌለ ነፃ መሆኑ ምን ያደርጋል?

እና ባሊሆኒስ ስንመጣ ተስፋ ቆርጠን ነው የመጣነው። ፋሚሊ ሪሶርስ ሴንተር የሚባል ቤተሰብ የሚረዳ ቢሮ አለ፣ እንደዚህ አይነት በየገጠሩ ከተማ አለ አሉ። ቀጠሮ የለን፣ ዝናቡ ደብድቦን ስንገባ ሴትየዋ ሊዘጉ ቁልፉን ይዘው ቆመዋል። እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ማን ናችሁ ምን ፈለጋችሁ ሳይሉ የትንሿን ልጄን እርጥብ ካልሲ አዩና ቁጭ ብለው ከእግሯ አወለቁላት፣ ጨምቀው ራዲያተሩ ላይ አሰጡት፣ ከዛ ሻይና ቶስት መጣ። እኔ እዛው ማልቀስ ጀመርኩ። አየርላንድ ከገባሁ ልጄን እንደዛ የነካልኝ ሰው አልነበረም።

ከዛ ስልክ አንስተው ሐኪም ቤት ደወሉ። ከወዲያ የተባለውን አልሰማሁም፣ እሳቸው ግን "እነዚህ ሰዎች እዚህ ሊኖሩ ነው የመጡት፣ ሲታመሙ የት ይሂዱ?" አሉና ዝም ብለው ጠበቁ። ስልኩን አልዘጉም። ትንሽ ቆይተው የአምስታችንንም ስም አንድ በአንድ ፊደሉን እየቆጠሩ አስጻፉ።

ሌላው የማልረሳው እውነቱን መናገራቸው ነው። "ከመፈረማችሁ በፊት ስሙኝ" ብለው መኪና ከሌለ ማታ የትም እንደማይኬድ፣ ትልቁ ሆስፒታል ካስልባር እንደሆነ፣ ዲሴምበር ላይ አስር ሰዓት ተኩል ሲል እንደሚጨልም፣ ሁሉንም ነገሩን። ሌላው ሁሉ ቤት ሊያከራየን ሲሮጥ እሳቸው ክፉውን አስቀድመው ነገሩን፣ እኔ ደግሞ ያመንኳቸው ለዛ ነው። ቤቱንም ያገኙልን እሳቸው ናቸው፣ ዳፍት በሚባለው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ቤት፣ በሰው በሰው ጠይቀው። በወር ለልጅ የሚሰጠውን 140 ዩሮ አድራሻ ማስቀየሩን፣ ሌላውን ፎርም ሁሉ ጨረሱልን፣ ምን ምን እንደሞሉ እኔ ዛሬም አልገባኝም።

አሁን ልጆቼ ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ፣ መጽሐፉም ከ2023 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ በነፃ ሆኗል። ሜዮ የጌሊክ ፉትቦል አገር ነው፣ ባሊሆኒስ ግን ሀርሊንግ ነው፣ ትልቁ ልጄ ዱላውን ይዞ ነው የሚያድረው፣ ልክ የኛን የገና ጨዋታ ነው የሚመስለው፣ አባቱ አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ። ክፍሉ ውስጥ የፓኪስታን ልጅ አለ፣ የሶሪያ አለ፣ የፖላንድ አለ፣ ማንም እንደ እንግዳ ዞር ብሎ አያየውም። ሙስሊም ወንድም እህቶቼ፣ ከ1987 ጀምሮ መስጂድ አለ፣ ሃላል ስጋ እዚሁ ነው። እኔ ቤተክርስቲያናችን ደብሊን ቀረ ብዬ ስጨነቅ እኚሁ ሴት ናቸው ኖክ ቅርባችሁ ነው ያሉኝ። እመቤታችን በ1879 ታየችበት የሚባለው ቦታ ነው፣ ያውም ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታችን ሰሞን። ካቶሊኮች ቢሆኑም ሄጄ ስለት ተስያለሁ።

ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ውለታቸውን ከፍዬ አልጨርሰውም። እናንተ ግን በሜዮ አካባቢ ቤት የምታስቡ እባካችሁ፣ እባካችሁ ኤጀንት ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እሳቸው ጋ ግቡ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ከተማ የምታስቡም የዛን ከተማ ሪሶርስ ሴንተር አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሐኪሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አውቶቡሱን። ባሊሆኒስ ለምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቢሮው ድረስ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ፣ ቤቴም ገብታችሁ ቡና ትጠጣላችሁ።