ሰንጠረዥን በጆሮ መፈተሽ፦ የኤንቪዲኤ ስክሪን ሪደር ግምገማ

ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ የሰንጠረዦቹን አወቃቀር በዓይኑ አይቶ ብቻ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ በማያ ገጹ ላይ አምሮ የተደረደረ ሰንጠረዥ ለሚያዳምጠው ሰው ምንም ስሜት የማይሰጥበት ጊዜ ብዙ ነውና። ለዚህ ፍተሻ ከማውቃቸው መሣሪያዎች የማስቀድመው ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በማያ ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነና ያለ ክፍያ የሚወርድ ነው።

ብቃቱ በግልጽ የሚታየው መረጃ በያዙ ሰንጠረዦች ላይ ነው። የቡና ዓይነት፣ ደረጃና የኪሎ ዋጋ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ እንውሰድ። የዐምዶቹ ርዕሶችና የቡናዎቹ ስሞች በቲኤች ታግ (ሴሉ ርዕስ መሆኑን በሚናገር የኮድ ምልክት) ተጽፈው ስኮፕ (ርዕሱ የዐምድ ወይም የረድፍ መሆኑን የሚናገር መግለጫ) ከተሰጣቸው፣ ኮንትሮልና ኦልትን ይዘን በቀስት ቁልፉ በዋጋው ዐምድ ላይ ወደ ታች ስንወርድ ፕሮግራሙ «ሐረር» ብሎ ዋጋውን፣ «ይርጋጨፌ» ብሎ ዋጋውን ያነባል። ርዕሶቹ በተራ ሴል ተጽፈው በደማቅ ፊደል ብቻ የተለዩ ከሆነ ግን የሚሰማው የረድፍ ቁጥርና ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው የየትኛው ቡና እንደሆነ አዳማጩ ወደ ጎን ሄዶ ካልፈለገ በስተቀር አያውቅም።

ገጽን ለማቀናበር ብቻ በገቡ ሰንጠረዦች ላይ የሚሰጠው አገልግሎትም ከዚህ አያንስም። የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የሆነው ኤችቲኤምኤል በ4.01 እትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዥን ለገጽ ቅንብር ብቻ መጠቀም እንደማይገባ ቢያሳስብም፣ ልማዱ ዛሬም በቆዩ ድረ ገጾች ላይ ይገኛል። ኤንቪዲኤ እነዚህን እንደ ሰንጠረዥ ሳይጠራ ይዘታቸውን በኮዱ ቅደም ተከተል ያነባል። ስለዚህ የመመዝገቢያ ቅጽ «ስም»፣ «ስልክ»፣ «ከተማ» የሚሉትን በአንድ ረድፍ፣ መሙያ ሳጥኖቹን በሚቀጥለው ረድፍ ካስቀመጠ፣ ሦስቱም ቃላት ተከታትለው ከተነበቡ በኋላ ሳጥኖቹ ለብቻቸው ይመጣሉ። ይህን ስህተት ከመስማት የበለጠ የሚያስረዳ መመሪያ አላየሁም።

በኢሜይል ግን ሰንጠረዥን መተው ከባድ ነው፤ ለረጅም ዘመን ያገለገለው አውትሉክ የተባለው የዊንዶውስ ኢሜይል ፕሮግራም ገጽን የሚያሳየው የጽሑፍ ማቀናበሪያው ማይክሮሶፍት ወርድ በሚጠቀምበት ሞተር በመሆኑ ዘመናዊ የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስን ኮድ) ቅንብርን በአግባቡ አይቀበልም። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ እያንዳንዱ የቅንብር ሰንጠረዥ «ሮል» በሚለው አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ በሚጻፍ መግለጫ) «ፕሬዘንቴሽን» የሚል እሴት ሊሰጠው ይገባል። ይህ በተዘነጋበት ቦታ ፕሮግራሙ የረድፍና የዐምድ ብዛት እየጠራ አንባቢውን ሊያሰለች ይችላል፤ ሲታከልበት ግን ጽሑፉ ያለ መቆራረጥ ይነበባል።

ጉድለቶችም አሉት። የቁልፍ ትእዛዞቹ ብዙ ናቸው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የንግግር ድምፅ ማመንጫ አማርኛ ቢያነብም ድምፁ ደረቅ ነው። ለዚህ የንግግር ማሳያ የተባለው መስኮት ትልቅ መፍትሔ ነው፦ የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ስለሚታይ ከኮዱ ጋር ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል። ከዚህ ሌላ፣ ኤንቪዲኤ ስህተቱን ለይቶ አይጠቁምም፤ ምን መስማት እንደነበረበት ማወቅ የሠሪው ድርሻ ነው። አንድ ሰንጠረዥ ለመረጃ ይሁን ለቅንብር የሚለየውም በአብዛኛው በብራውዘሩ ግምት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ፍተሻውን በፋየርፎክስም በክሮምም ማካሄድ ያስፈልጋል።