ኩሊዮ ወይስ ፓፍ ዳዲ? ሁለት የተዋሱ ዜማዎች

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስንወርድ የታክሲው ሹፌር የሁለት አሜሪካውያን ራፐሮችን ዘፈኖች፣ የኩሊዮን «ጋንግስታስ ፓራዳይስ» እና የፓፍ ዳዲን «አይል ቢ ሚሲንግ ዩ»፣ አከታትሎ ከፈታቸው። ሁለቱም የቆየ ዜማ ተውሰው በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጡ ናቸው። የሃያሲያኑ አቀባበል ግን ለየቅል ነበር።

ኩሊዮ እ.ኤ.አ. በ1995 የዘፋኙን የስቲቪ ዎንደርን የ1976 ዜማ ወስዶ ጨለማ አለበሰው። ኅብረ ዝማሬው ሲገባ የታክሲው ወሬ እንኳ ቀዝቀዝ አለ። ስቲቪ የፈቀደው ስድብ እንዳይኖርበት ብሎ ነው፤ ይህም ሳይጠቅመው አልቀረም። የግራሚ ሽልማት አገኘ፣ የኒውዮርኩ ጋዜጣ የቪሌጅ ቮይስ ሃያሲያንም የዓመቱ ቀዳሚ ነጠላ ዜማ አሉት።

የፓፍ ዳዲው፣ የ1997ቱ፣ ለተገደለው ራፐር ለኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. የወጣ ሙሾ ነው። ከዘ ፖሊስ ባንድ የተወሰደው ጊታር ከዳር እስከ ዳር ብዙም ሳይነካ ይሄዳል፤ ሃያሲያንን «ታዲያ ምን ጨመረበት?» ያሰኛቸውም ይኸው ነው። ግራሚ ግን እሱም ወስዷል። ጊታሩን የመታው የዘ ፖሊሱ ጊታሪስት አንዲ ሰመርስ፣ የድርሰቱ ገንዘብ ግን የባንዱ ዘፋኝ የስቲንግ! ይሄ ሁሌ ያስቀኛል።

ለእኔ ኩሊዮ ይበልጣል። እዚህ አዝማሪ ቤት ዜማው የታወቀ ቢሆንም ችግር የለም፤ ሽልማት ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ግጥሙን እዚያው የፈጠረ ነው። ይሁንና ለቅሶ ላይ ማን አዲስ ዜማ ይጠብቃል? የሟች ሚስት ፌይዝ ኢቫንስ በዘፈኑ ውስጥ በድምጿ ስትገባ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቋንቋው ሳይገባቸው «ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ነው?» አሉ።