የብሪታንያና የአየርላንድ የግድግዳ ፖስታ ሳጥኖች በአገልግሎታቸው ሲመዘኑ

በብሪታንያና በአየርላንድ የገጠር መንገዶች ዳር፣ በድንጋይና በጡብ ግድግዳ ውስጥ የተገነቡት አሮጌ የፖስታ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚወደሱት በመልካቸው ነው። ብዙዎቹ ግን ዛሬም ደብዳቤ ስለሚቀበሉ፣ ልመዝናቸው የምፈልገው ላኪው በሚያገኘው ጥቅም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1857 ሥራ ላይ የዋሉት፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መተከል የጀመረው፣ በመንገድ ዳር ራሱን ችሎ የሚቆመው የዓምድ ሳጥን ጥቂት ደብዳቤ ለሚላክባቸው መንደሮች ውድ ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ሐሳቡ እጅግ ብልህ ነው፤ ቀድሞ የቆመው ግድግዳ ብረቱን ስለሚሸከመውና ስለሚከልለው ሳጥኑ አነስ ብሎ ሊሠራ ይችላል፣ መንገዱንም አያጣብብም። የመጀመሪያዎቹ ከማስገቢያው በላይ መከለያ ስላልነበራቸው ዝናብ ይገባባቸው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የተጨመረችው ትንሽ የብረት ጥላ፣ በእኔ ግምት፣ በታሪካቸው ከተደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ ትበልጣለች።

የለንደኑ ደብልዩ ቲ አለን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የሠራቸው ቀረብ ተብለው ሲታዩ፣ የንግሥቲቱ ምልክት የሆኑት ሁለት ፊደላት ከዘውዱ ግራና ቀኝ ጎልተው ወጥተዋል፣ ከታች ደግሞ የሠሪው ስም ይነበባል። ተደራርቦ የተቀባው ቀለም የፊደላቱን ጠርዝ ማደብዘዙ ያሳዝናል። በአየርላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነጻው መንግሥት ሲቋቋም፣ ሳጥኖቹ ሳይነቀሉ አረንጓዴ ተቀቡ፤ በመሆኑም የእንግሊዝ ዘውድ በአረንጓዴ ቀለም ሥር ዛሬም ይታያል። ወጪ የቆጠበ፣ ታሪክንም ያተረፈ ውሳኔ ነው። ብሪታንያ ራሷም ወደ ቀይ የተሸጋገረችው ከ1874 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሳጥኖቿ አረንጓዴ ነበሩ።

ጉድለታቸው ጠባቡ ማስገቢያ ነው፤ ለደብዳቤ የተሠራ በመሆኑ የዛሬን ወፍራም እሽግ አያሳልፍም። ቁመታቸውም በግድግዳው ስለሚወሰን አንዳንዱ ጎንበስ ያሰኛል፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ስፍራ ደግሞ ላኪው ከተሽከርካሪ ጋር ይጋፋል። በብሪታንያ ደብዳቤ የማይበዛባቸውን ሳጥኖች ፖስተኛው በማለዳ ዕደላው ላይ እያለ ሊከፍታቸው ስለሚችል፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳያነቡ ከሰዓት በኋላ የሚያስገቡ ሰዎች ደብዳቤያቸው እዚያው ሊያድር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የብሪታንያው የፖስታ ድርጅት ሮያል ሜይል ከእንግሊዝ የቅርስ ተቋም ጋር ሳጥኖቹ ባሉበት እንዲጠበቁ መስማማቱ ተገቢ ነበር። ለተራ ደብዳቤ ያለ ማመንታት እመርጣቸዋለሁ፤ ለእሽግ ግን ፖስታ ቤት መሄድ ይሻላል።