የአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ፦ ሐኪሙ ለምን በቦታው አይገኝም?

እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል የምታደርግበት በክልል ከተማችን የሚገኘው የመንግሥት አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ቅልጥፍናም ሆነ ስለ ግቢው ንጽሕና የሚወቀስበት ነገር ብዙም የለም። የጤና መድን መታወቂያ ይዞ የመጣ ታካሚ ካርዱ ወጥቶለት፣ ግፊቱ ተለክቶ፣ ደሙን ሰጥቶ ብዙም ሳይጉላላ ክሊኒኩ በር ላይ ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ሐኪሙ የሉም።

በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ምርመራ ከጠዋቱ 2፡30 እንደሚጀምር ይናገራል፤ የዕለቱ ባለቀጠሮ ታካሚ በሙሉም የሚጠራው በዚሁ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ያው ሐኪም በዚያው ሰዓት ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማንን እየዞሩ የማየት ግዴታ አለባቸው። «እማማ፣ ዶክተር ራውንድ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይታገሡ» የሚለው የነርሷ መልስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለስኳር ምርመራ ጾሟን አድራ የመጣች አሮጊት ደሟን ከሰጠች በኋላ በነጠላዋ የቋጠረችውን ዳቦ አግዳሚው ላይ ቆርሳ እየበላች እስከ ረፋድ ትጠብቃለች። ይህ በእኔ እይታ ከሥራ መቅረት ሳይሆን አንድን ሰው ሁለት ቦታ የመደበው ኃላፊ ጥፋት ነው።

እርግጥ የምር መቅረትም አለ። ሌሊቱን በተረኝነት ያደረ ሐኪም በማግሥቱ ማረፍ ሲገባው ተተኪ አይመደብለትም፤ የተረኝነት ክፍያውም በወቅቱ አይደርሰውም። ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሊሄድ ባለመቻሉ ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ባሉ የግል ክሊኒኮች የሚሠራው ጥቂት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄም የዚሁ ብሶት ነበር። ሥልጠናና ስብሰባ ሲመጣም፣ አበሉ ከደመወዙ በላይ ስለሚያጓጓ፣ ክሊኒኩ ለቀናት ባዶ ይሆናል። የነርሶቹን ጉዳይ በተመለከተ፣ ግቢው የሕፃናት ማቆያ የሌለው በመሆኑ ልጇን የሚጠብቅላት ያጣች እናት ከመቅረት በቀር ምርጫ የላትም።

አስተዳደሩ ለዚህ ሁሉ ያገኘው መፍትሔ መግቢያው ላይ የተከለው የጣት አሻራ መሣሪያ ነው። አሻራውን አስነክቶ ተመልሶ ወደ ከተማ የሚወጣ ሠራተኛ በመሣሪያው መዝገብ ላይ «ተገኝቷል»፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ዘግይቶ የገባው ግን ደመወዙ ይቆረጥበታል። ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ልብ ይሏል።

የሚገርመው፣ ያው ሐኪም ከሥራ ሰዓት ውጭ በዚያው ሆስፒታል የግል ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይገኛሉ። ታካሚው በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ይቀጠራል፣ ሌላ ግዴታ አይደረብባቸውም፣ ታካሚው ከሚከፍለው ገንዘብ ድርሻቸውም ይደርሳቸዋል። አቅሙ ያለው ሰው ወደዚያ ቢሄድ እመክራለሁ፤ በእናቴ የጤና መድን ግን እዚያ መታከም አይቻልም።